ቢጫ ቅጽ አልቋል ስለተባለበት ጉዳይ

ለተከበሩ የዕዳ ማስከበሪያና የንብረት ማሸጊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በርዎ ላይ የሚቆመው ጥበቃም፣ ማኅተምዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ወገብዎን እንዳያምዎት አጥብቄ እመኛለሁ። የሚቀመጡበትን ወንበር መደገፊያ ልጄ ሁለት ጊዜ አፍርሶ የሠራው የእርስዎን ወገብ አስቦ ነውና፣ ቢያምዎት ድካሙ ከንቱ ይቀራል።

እኔ የአናጺው እናት ነኝ። ሰፈሩ ልጄን «ውሃልክ» ነበር የሚለው፤ ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ እንኳ ጠረጴዛው ከተወዛወዘ ከእግሩ ሥር ወረቀት አጥፎ ሳያስገባ የቀረበለትን አይቀምስም ነበር። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የምጽፈውም ቀስ ብዬ ነው፤ ይህቺን ደብዳቤ ለመጨረስ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። የእርስዎ ሠራተኞች የልጄን ሥራ ቤት አሽገው ለመሄድ ግማሽ ሰዓት እንዳልፈጀባቸው ስለማውቅ፣ ስለ ዝግታዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህቺን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያያት በግልጽ የማወጣውም ድፍረት ኖሮኝ ሳይሆን፣ ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው አራት ደብዳቤዎች «ደርሷል» ከሚል ማኅተም ሌላ መልስ ስላላገኙ ነው።

የምለምነውን አስቀድሜ ልናገር፤ ረጅም ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንደማይነበብ መሥሪያ ቤታችሁ አስተምሮኛል። በልጄ ሥራ ቤት በር ላይ የተለጠፈው «የከሰረ» የሚለው ቀይ ወረቀት እንዲነሣልኝ፣ በአዳራሻችሁ ሰሌዳ ላይ ከከሰሩት ሰዎች መካከል በአራተኛው መስመር የተጻፈው ስሙም እንዲሰረዝልኝ ነው። ገንዘብ አልጠይቅም፤ ካሣም አልጠይቅም። ልጄ አልከሰረም ነበር። ይህ አንድ ቃል ይታረምልኝ። መሥሪያ ቤታችሁ ቁጥር እንደሚወድ ስላየሁ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1ኛ/ ስለ ወንበሮቹ አመሰግናለሁ።

ለአዲሱ አዳራሻችሁ መቶ ሃያ ወንበር፣ ለእርስዎ ቢሮ ደግሞ ሰባት መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ እንዲሠራ ልጄን የመረጣችሁ ጊዜ ቤታችን ሠርግ መስሎ ነበር። ጣውላው ገና እርጥብ ነው፣ ሁለት ወር ይድረቅ ብሎ ለመናችሁ፤ የምረቃው ቀን ተቆርጧል አላችሁት። ቀን ሳያሳልፍ ሠርቶ አስረከበ። የንብረት ክፍላችሁ አንድ በአንድ ቆጥሮ ተረከበው፤ ፈረመለትም። ውሉ ክፍያ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይፈጸማል ይላል። ትምህርቴ ጥቂት ስለሆነ ይሆናል፣ ሠላሳ ቀን ማለት ከሰባት ወር በላይ መሆኑን እኔ አላውቅም ነበር።

በየሳምንቱ ሊጠይቃችሁ ይመጣ ነበር። ሲመለስ ምን አሉህ ስለው «ምን ይላሉ እማ፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይለኝና ይስቃል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይስቅ ነበር ማለቴ ነው። ጣውላውን ከእንጨት ነጋዴው በዱቤ የወሰደው እናንተ ስትከፍሉት ሊከፍለው ነው። የነጋዴው ቀን ደረሰ፤ የእናንተ ቀን አልደረሰም። የልጄ ጥፋት ከዚህ አይበልጥም፤ በሁለት ቀኖች መካከል ቆሞ መገኘቱ ነው።

2ኛ/ ሕግ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ።

ነጋዴው ገንዘቤ ዘገየብኝ ብሎ ያመለከተው ወደ እናንተው መሥሪያ ቤት ነው፤ ዕዳ የሚያስከብር ሌላ ቤት በከተማው የለምና። በዚህም ምክንያት ለልጄ ሰባት ወር ያልከፈለው መሥሪያ ቤት፣ ልጄ ለምን አልከፈለም ብሎ መጣበት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው እንዲህ በማኅተም ተደግፎ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጄን ከቀበርኩት በኋላ የሕጉን መጽሐፍ ገዛሁ። እሱ እንጨት ይለካበት የነበረውን የብረት ማስመሪያ ከየመስመሩ ሥር እያስቀመጥኩ፣ ቃሉ ሲከብደኝ ደግሜ እያነበብኩ፣ በሁለት ወር ጨረስኩት። እርስዎ በሥራ ብዛት ለማንበብ ጊዜ ስላላገኙ ይሆናልና፣ የገባኝን ባጭሩ ላስረዳዎት ይፍቀዱልኝ።

ዕዳ መክፈል ማቃት የሰው ሁኔታ ነው፤ መክሰር ግን የዳኛ ቃል ነው። የመክፈያው ቀን ሲደርስ በእጁ ጥሬ ገንዘብ ያጣ ሰው ዕዳ መክፈል አቅቶታል ይባላል። ያለው ሁሉ ተሸጦ ዕዳውን የማይሸፍንለትም እንዲሁ ይባላል፤ የዚህኛው ይብሳል። ነገር ግን ሁለቱም ቢሆኑ ገና አልከሰሩም። ከአበዳሪዎቻቸው ጋር ተነጋግረው ቀን ሊያስረዝሙ፣ የሚሸጡትን ሸጠው፣ የሚሰበስቡትን ሰብስበው ከጭንቀቱ ሊወጡ ይችላሉ፤ ብዙዎችም ወጥተዋል። ከሰረ የሚባለው ጉዳዩ ችሎት ቀርቦ፣ ሰውየውም ተጠርቶና ተሰምቶ፣ ዳኛ ከስሯል ብሎ ሲፈርድ ብቻ ነው። ንብረቱ ከእጁ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው፤ ስሙ የሚለጠፈውም ያን ጊዜ ነው።

እኔ በገባኝ መንገድ ሳስቀምጠው፣ አንዱ ሕመም ነው፤ ሌላው የሞት ምስክር ወረቀት ነው። የታመመ ሁሉ አይሞትም። ያተኮሰውን ሰው ገና ትኩሳቱን ሳይለኩ የሞቱን ወረቀት ጽፈው ደረቱ ላይ የሚለጥፉ ሐኪም ግን፣ የተከበሩ ሆይ፣ ሰውየው ባይሞት እንኳ ቀባሪ ይጠሩበታል።

ሥራ ቤቱ በታሸገበት ቀን ልጄ የነበሩት ማሽኖች፣ የተከመረው ጣውላ፣ ተሠርተው ያለቁት ሁለት አልጋዎችና ከእናንተ የሚሰበስበው ሒሳብ አንድ ላይ ሲደመሩ ዕዳውን ሦስት ጊዜ ይሸፍኑ ነበር። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ የእናንተው መርማሪ በኋላ የጻፈው ነው። ወደ መርማሪው እመለሳለሁ።

3ኛ/ ስለ ቀለሙ አመሰግናለሁ።

የእናንተው መመሪያ ሁለት ቅጽ አለው። ቢጫው ዕዳ መክፈል ላቃተው ነው፤ ዘጠና ቀን ይሰጠዋል፣ በሩ ተከፍቶ ሥራውን ይሠራል፣ በሳምንት አንድ ቀን ተቆጣጣሪ ይጎበኘዋል። ቀዩ በፍርድ ለከሰረ ነው፤ ቤቱ ይታሸጋል፣ የባንክ ሒሳቡ ይዘጋል፣ ስሙ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ልጄ በፍርድ ቤት ደጃፍ አላለፈም ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ግን ሁለት ሠራተኞችዎ ቀይ ወረቀትና የኮላ ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ኮላው እንኳ ተሟጦ ስለነበር ከልጄ ተበደሩ፤ እሱም ሰጣቸው። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ያልተላቀቀው የእሱ ኮላ ጥሩ ስለሆነ ነው።

ቫርኒሽ የምትቀባለት ሠራተኛው፣ ዐሥር ዓመት አብራው የሠራችው ሴት፣ እጇ በቫርኒሽ እንደ ተነከረ በሩ ላይ ቆማ «ማነው የከሰረው? ማን ፈረደበት? ባለ ዕዳዎቹ እናንተ አይደላችሁም እንዴ!» ብላ ጮኸችባቸው። አንደኛው እኛ ታዘን ነው አላት። የሆዷን ተናግራ ስትጨርስ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ከቤቱ አስወጧት።  ከዚያ ቤት ሳይታሸግ የወጣ ዕቃ ቢኖር ልጄ ከጆሮው ጀርባ ሰክቶት የነበረው እርሳስ ብቻ ነው።

በማግስቱ እኔ ራሴ መሥሪያ ቤታችሁ መጣሁ። ልጄ በሠራው ወንበር ላይ አራት ሰዓት ተቀምጬ ተራዬን ጠበቅሁ። ምቾቱን መመስከር እችላለሁ። በሦስተኛው መስኮት ያለው ሠራተኛዎ በትሕትና ሰማኝ፤ ቢጫ ነበር የሚገባው ስለው «ልክ ነዎት እማማ፣ ግን ቢጫው ቅጽ አልቋል» አለኝ። ታዲያ ቢጫ እስኪመጣ ለምን አልጠበቃችሁም ስለው ደግሞ ሊያጽናናኝ ፈልጎ «ምን ልዩነት አለው፣ ያው ነው እኮ፣ ሁለቱም ገንዘብ የለም ማለት ነው» አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ እሰማ ነበር፤ ወረቀቱን የያዘው ሞኝ ሲሆን ምን እንደሚባል ግን አልሰማሁም።

4ኛ/ ወዳጅና ጠላት ስላሳያችሁን አመሰግናለሁ።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ቀዩ ወረቀት በተለጠፈ በሳምንቱ ቀብድ የከፈለው ሁሉ ቀብዱን፣ የቤቱ አከራይ የስድስት ወር ኪራይ፣ ሚስማር ሻጩ የሚስማሩን ሊጠይቅ መጣ። ቢጫ ቢሆን ኖሮ ይጠብቁት ነበር፤ ብዙዎቹ ይወዱታል። የከሰረን ሰው ግን ቀድሞ የደረሰ ነው የሚያገኘው። እንጨት ነጋዴው ራሱ እያፈረ መጥቶ «እናቴ፣ እኔ ለማስፈራራት ያህል ነው ያመለከትኩት፤ ኮቱን ያዙልኝ አልኩ እንጂ ቆዳውን ግፈፉልኝ አልኩ?» አለኝ። ማመልከቻውን ሊያነሣ ወደ እናንተ ሄዶ ነበር። ቀይ አንዴ ከወጣ አመልካች ቢምርም አይነሣም አላችሁት። ስለ ጽናታችሁ ላመሰግን እወዳለሁ።

ልጄንም ንብረትህ ከዕዳህ እንደሚበልጥ በሰነድ አስረዳ፣ ያን ጊዜ እናነሣልሃለን አላችሁት። ሰነዶቹ ያሉት የታሸገው ቤት ውስጥ ነው አለ ልጄ። እናንተ ደግሞ «እሽጉ የሚከፈተው ሰነዱ ሲቀርብ ነው» አላችሁት። ትልቁ ሰነድ ደግሞ እናንተው ወንበሩን የተረከባችሁበት ነው፤ ቅጂው ከአዳራሹ በላይ ባለው ፎቅ፣ በንብረት ክፍላችሁ ፋይል ውስጥ ነው። ልጄ ስምንት ጊዜ ተመላለሰ። ስምንት ጊዜ ራሱ የሠራው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፊት ለፊቱ ባለው ሰሌዳ አራተኛ መስመር ላይ የራሱን ስም አነበበ። ከስምንተኛው ምልልስ በኋላ እኔ ጋ ሲመጣ እንኳ ቆሞ ነበር የሚያወራኝ፤ ተቀመጥ ስለው እሺ አይለኝም።

14ኛ/ ስለ መሰላሉ።

ከአራት ወደ አሥራ አራት የዘለልኩት መቁጠር አቅቶኝ አይደለም። በእናንተ የታሸጉ ዕቃዎች ዝርዝር ላይ የልጄ መሰላል የሚገኘው በተራ ቁጥር አሥራ አራት ስለሆነ ነው። እንዲህ ይላል፦ «መሰላል፣ የእንጨት፣ በቤት የተሠራ፣ አንድ፤ ግምት፦ ዋጋ የሌለው»።

መጋዙ፣ መሮውና መላጊያው ሲታሸጉበት ልጄ የቀን ሥራ ያዘ፤ የመጋዘን ጣሪያ ቆርቆሮ መለወጥ። የሠላሳ አራት ዓመት ዋና አናጺ በሰው ጣሪያ ላይ ሚስማር ሊመታ። አላፈረበትም፤ እኔም አላፈርኩበትም። መሰላሉን ብቻ እንድትለቁለት በጽሑፍ ጠየቃችሁ። በፍጥነት መልሳችሁለታል፤ ሰባት ወር የለመደ ሰው በሁለት ቀን መልስ ማግኘቱ ራሱ አስደንግጦት ነበር። «የከሰረ ሰው ንብረት ለአበዳሪዎች መያዣ በመሆኑ ሊቀነስ አይችልም» ይላል መልሱ። ዋጋ የሌለው መሰላል ከአበዳሪ ላይ ስንት እንደሚቀንስ በመጽሐፉ ፈልጌ አላገኘሁም።

በመጋዘኑ መሰላል ወጣ። የመጋዘኑ መሰላል አንድ እግሩ አጭር ነበር፤ ከሥሩ ድንጋይ አስገብተውበታል። የተወዛወዘ ጠረጴዛ ላይ እህል የማይቀምሰው ልጄ፣ ውሃልክ፣ ድንጋይ ላይ የቆመ መሰላል ወጣ። ወጥቶ ሠራ። ሲወርድ ድንጋዩ ተንሸራተተ። ሥራ ቤቱ በታሸገ በአርባ አንደኛው ቀን ነው።

ከዚህ በላይ ስለዚህ ቁጥር የምጽፈው የለኝም።

15ኛ/ ስለ ማረሚያው አመሰግናለሁ።

በቀበርኩት በአሥራ ሁለተኛው ቀን የወንበሮቹ ክፍያ ገባ። ሙሉው፣ ሳይጎድል። በዚያው ሳምንት መርማሪያችሁ ፋይሉን አይቶ ንብረቱ የዕዳውን ሦስት እጥፍ መሆኑን ጻፈ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ በልጄ ስም የተጻፈ፣ የተከበሩ ሆይ ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ቢጫ ቅጽ በመገኘቱ ጉዳይዎ በቢጫ ተለውጧል፣ እንኳን ደስ አለዎት ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ደብዳቤውን ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየሁት። ዘጠና ቀን ሰጥታችሁታል። ምን እንዲያደርግበት እንደሆነ አልተገለጸም።

ለእንጨት ነጋዴው ከፈልኩ። ለአከራዩም፣ ለሚስማር ሻጩም፣ ቀብድ ላስያዙትም፣ ለቫርኒሽ ቀቢዋም የሦስት ወር ደመወዟን ከፈልኩ። ሁሉም ተከፍሎ ተረፈ። የሚከፈለው ከከፋዩ በላይ ዕድሜ አገኘ። የቀረው ቀዩ ወረቀትና የሰሌዳው ስም ብቻ ነው። ሊነሡ የሚችሉት ግን «ባለ ጉዳዩ መታወቂያውን ይዞ በአካል ሲቀርብ» መሆኑን በሦስተኛው መስኮት ተነገረኝ። ሞቷል አልኩ። ሞቱን የሚያስረዳ ወረቀት አምጪ ተባልኩ፤ አመጣሁ። ሟች ዕዳ አይጠየቅምና ፋይሉ ይዘጋል፣ ፋይሉ ከተዘጋ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ያለው አይነካም ተባልኩ። እንግዲህ ልጄ ሞቶም ከስሮም እንዲቀር ነው። አንዱን እኔ ተቀብያለሁ፤ ምንም ማድረግ ስለማልችል። ሁለተኛውን ግን አልቀበልም።

ስለዚህ የተከበሩ ሆይ፣ በሚመችዎ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ በእግርዎ ከመጡ ሃያ ደቂቃ በማይፈጀው መንገድ ወደ ልጄ ሥራ ቤት ብቅ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። እርስዎ ወረቀቱን ሲልጡ እኔ ሙቅ ውሃና የብርጭቆ ወረቀት አቀርባለሁ፤ ኮላው ጥሩ ስለሆነ በጥፍር አይነሣም። መሰላሉንም በዚያው እወስዳለሁ። ዋጋ እንደሌለው በፊርማችሁ ስላረጋገጣችሁልኝ፣ ማንንም እንደማልጎዳ እርግጠኛ ነኝ።

ከአንድ ጆሮ ጀርባ በተረፈ እርሳስ ጽፌ፣ ከሙሉ አክብሮትና ከማያልቅ ትዝታ ጋር፣ ረጅም ዕድሜና በየጊዜው የሚከፈል ደመወዝ እየተመኘሁልዎ፣

ዕዳ መክፈል ለጥቂት ጊዜ ያቃተው፣ አንድም ቀን ግን ያልከሰረው አናጺ እናት

በኋላ የታወሰ፦ የቢሮዎ ጠረጴዛ ሦስተኛ መሳቢያ አልከፈት ብሎኛል ብለው ልጄን ስልክ ደውለውለት እንደነበር አልዘነጋሁም። ጣውላው በእርጥብነቱ ስለተሠራ ዝናብ ሲመጣ አብጦ ነው፤ ሐሙስ መጥቼ በመላጊያ አስተካክለዋለሁ ብሎዎት ነበር። ማክሰኞ ታሸገ። ቃሉን ስላላከበረ በእሱ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ መላጊያው በዝርዝራችሁ ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ነው። ለቅሶ ሊደርሱኝ ከመጡት ከእናንተው ሰዎች አንዱ፣ ማን እንደሆነ አይድከሙ፣ ቢጫዎቹ ቅጾች አልቀው እንዳልነበረ ነገረኝ። ሁለት መቶ ያህል ሆነው በዚያው በሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ዝናቡ ሲያባራ እንጨቱ ደርቆ መሳቢያው በራሱ ተከፈተ፤ «ቢጫ ቅጽ በመገኘቱ» የተባለው ይህ ነው። ልጄ እኮ ሁለት ወር ይድረቅ ብሏችሁ ነበር።